ስለ ስንዴ ሕግና ስለ ነጻ ንግድ ትምህርት



ዛሬ የምነግራችሁ፥ በመጽሐፍ የተጻፈ አንድ ሐሳብ እስከ ድኻ ማዕድ ድረስ እንዴት እንደ ደረሰ ነው። የማነሣው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የናፖሌዎን ጦርነት ባለቀበት በ1815 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክር ቤት የስንዴ ሕግ አወጣ። ይኸውም የአገሩ ስንዴ ዋጋ በኳርተር 80 ሽልንግ ካልደረሰ በቀር፥ ከውጭ አገር የመጣ ስንዴ በእንግሊዝ ገበያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነው። ኳርተር ማለት ከሁለት ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ስፍር ነው። በምክር ቤቱ የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለ ርስቶች ነበሩና ሕጉ የጐተራቸው ዘበኛ ሆነላቸው። በማንቸስተር ከተማ በጥጥ ፋብሪካ የሚውለው ሠራተኛ ግን ከደመወዙ ብዙውን ለምግብ ይከፍል ነበር።

እስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ በ1776 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነጋዴ የራሱን ጥቅም ሲፈልግ ሳያስበው አገሩን ይጠቅማልና መንግሥት በገዢና በሻጭ መካከል ብዙ አይግባ ብሎ አስተምሮ ነበር። ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት የሚባሉ ባለ ፋብሪካዎች ይህንን ትምህርት ይዘው፥ በማንቸስተር በተቋቋመው ማኅበር መሪነት ሕጉ እንዲሻር በየከተማው ተናገሩ። ዳቦ ሲረክስ ደመወዛችንን ሊቀንሱብን ነው ብለው የሚጠረጥሯቸው ሠራተኞችም ነበሩ፤ እኔም ጥርጣሬው ከንቱ ነበረ አልልም።

በ1845 ዓ.ም. በአይርላንድ በሽታ ገባና ድንቹ በመሬት ውስጥ ሳለ በሰበሰ። የአይርላንድ ድኻ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አገሩም በዚያው በእንግሊዝ ምክር ቤት ይገዛ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ከአሜሪካ የ100,000 ፓውንድ በቆሎ በስውር አስገዛ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ ወገኖቹን ተቃውሞ ችሎ፥ በ327 ድምፅ በ229 ላይ፥ የስንዴውን ሕግ በምክር ቤት አሻረ። በዚያው ዓመት በሰኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

እንግዴህ አስተውሉ፤ የእንግሊዝን ዳቦ ከሕግ እስራት የፈታው ትምህርት ለአይርላንድ ሌላ ፊት አሳየ። አዲሱ መንግሥት፥ እህል ማምጣት የነጋዴ ሥራ ነው፤ እኛ ከገባንበት ገበያው ይበላሻል ብሎ እጁን ሰበሰበ። የተራበውን መንገድ እያሠራ ጥቂት ገንዘብ ሰጠው፤ በዚያ ገንዘብ ግን የተወደደውን እህል መግዛት አልተቻለም። አጃና ከብት ጭነው ወደ እንግሊዝ የሚሄዱት መርከቦችም አልተከለከሉም። ነጋዴ እህል የሚያመጣው ገንዘብ ወዳለበት እንጂ ረኃብ ወዳለበት እንዳይደለ ከእናንተ መካከል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ እነዚያ የተማሩ ሰዎች እንዴት ሳቱት?

በ1847 ዓ.ም. በጋ መንግሥቱ ሐሳቡን ለጥቂት ጊዜ ለውጦ ሾርባ በነጻ ማደል ጀመረ፤ በሐምሌ ወር በቀን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይመገብ ነበር። ስለዚህ መመገብ የማይቻል ነገር አልነበረም። ነገር ግን መከር ሲደርስ ማደያዎቹ ተዘጉ። በረኃቡና ረኃቡ ባመጣው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያም የሚበልጥ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በ1841 ዓ.ም. ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የአይርላንድ ሕዝብ በ1851 ዓ.ም. ሲቈጠር ስድስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ።