ከመቶ ሦስቱ

ክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት፣ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤

የጋበዙኝ ሰዎች «ልጆቹን የሚያበረታታ ነገር ይናገሩ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን ማበረታታት እውነቱን መሸፈን ከሆነ ሌላ ሰው ብትጋብዙ ይሻል ነበር። እዚህ ከተቀመጡት እናቶች ብዙዎቹ «ልጄ፣ ተማር፤ የተማረ ወድቆ አይወድቅም» እያሉ አሳድገዋል። ይህ ቃል ዛሬም ይሠራል ወይ? የድሃን ልጅ ትምህርት አሁንም ያሻግረዋል ወይ? የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከቤታችሁ ወጥታችሁ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ውጤቱን አገር ያስታውሰዋል። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ «ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ታየ» ተባለ። ልክ ነው፤ ታየ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ዜና ነው፤ ከሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ቢወድቅ ሰነፍ ነው ልንል እንችላለን። ትምህርት ቤቱ እንዳለ ሲወድቅ ግን የተፈተነው ልጁ አይደለም። በብዙ ቦታ የገጠሩ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል፤ እንግሊዝኛውን ያስተማሩት መምህር ራሳቸው ቋንቋውን ለመናገር ይቸገራሉ። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው፤ ቢከፈትም ባዶ ነው። የሒሳብ መምህሩ መንፈቁ ሳያልቅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄዷል። ከተማ ያለው እኩያው ግን በአራት ዓመቱ በእንግሊዝኛ እየዘመረ ኬጂ የገባ፣ ማታ አስጠኚ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ፈተና ተቀመጡ። ይህን እኩል ውድድር የሚለው ሰው ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አላየም ማለት ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ እኩዮቼ አሉ። ድሮን እኔም አውቀዋለሁ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሉትን በዛብህን አስቡት። የድሃ ልጅ ነው፤ ቅኔ ዐወቀ፤ ዕውቀቱም የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን በር ከፈተለት። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተፈቀደለት፤ እንዲያገባት ግን አይታሰብም። የመደብ አጥር ለትምህርት እስከ ደጅ ድረስ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ደራሲው ግን ራሳቸው ከጎጃም የቅኔ ቤት ተነሥተው አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ታዲያ ያ አጥር ለእርሳቸው እንዴት ተከፈተ? ጎበዝ ስለነበሩ ነው፤ ጊዜውም ይፈልጋቸው ነበር። ጣሊያን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የተማሩ ወጣቶችን ፈጅቷል። ከነፃነት በኋላ መንግሥት እንደገና ሲቆም ወንበሩ ብዙ፣ የተማረው ጥቂት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የገቡትን ተማሪዎች ሥራ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። በደርግም ዘመን ምሩቅ ይመደባል እንጂ ሥራ ፈልጎ አይዞርም። እንግዲህ የድሮው ትምህርት ያሻግር የነበረው በጥራቱ ብቻ አልነበረም፤ በማነሱም ነው። የአብዛኛው ገበሬ ልጅ እኮ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ድሮን ስናወድስ ያላለፉትን መቁጠር እንረሳለን።

ሕዝቡ ግን ትምህርት የመሻገሪያው በር መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከደርግ በፊት «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት አብዛኛው ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲወሰን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ወላጅ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ «የሀብታም ልጅ ኮሌጅ፣ የእኔ ልጅ እርሻ» ማለት ነው አለ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ዕቅድ እንዲቀር ነበር። ቀረም።

ዛሬ የድሃን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ቁም የሚል ሰነድ የለም። ሰነድ አላስፈለገም፤ ዋጋው ብቻውን ያቆመዋል።

አሠራሩን ልብ በሉት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ጥሩ ትምህርት ያገኛል፤ ድሃው በነፃ የተገኘውን ይማራል። ፈተናው ሲመጣ የከፈለው ያልፍና መንግሥት አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍንለትን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ይይዛል። የወጪ መጋራት አለ፤ ግን ሥራ ከተያዘ በኋላ የሚከፈል ነው። ወንበሩን ያላገኘው የድሃ ልጅ ደግሞ ቀን እየሠራ፣ ማታ ከደመወዙ እየከፈለ በግል ኮሌጅ ይማራል። በነፃው ትምህርት የጎደለበትን በክፍያ ያካክሳል። በ2015 የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ አለፉ፤ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ብቻ። ስለ ግል ኮሌጆች ጥራት ብዙ ተባለ፤ የተባለውም አግባብ ነው። ከሥራ ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ አልፎ ምሽት ላይ ክፍል ስለሚገባው፣ ገና ከመጀመሪያው ደካማ ትምህርት ቤት ስለወጣው ልጅ ግን ብዙም አልተባለም።

መንደር ስትመለሱ ደግሞ ሌላ ወሬ ይጠብቃችኋል። «የእገሊት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፤ አንተስ ዲግሪህን ይዘህ?» ትባላላችሁ። ያቺን ልጅ አትናቋት፤ ቤተሰቡን ያቆመችው በላቧ ነው። ግን ደላላ ከስምንተኛ ክፍል እንዳወጣት፣ እዚያም በሰው ቤት የምትከፍለውን ዋጋ ማንም እንደማይቆጥርላት አስቡ። ትምህርት ቤቱ ተስፋ ቢሰጣት ኖሮ ደላላው ይህን ያህል ባልቀለለው።

ታዲያ ትምህርት አያሻግርም ማለቴ ነው? አይደለም። ተማሪዎቻቸውን ሙሉ በሙሉ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። መርጠው ስለሚያስገቡ ማስረጃው ሙሉ አይደለም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ከገጠር የመጣ ልጅ አልጋ፣ ምግብ፣ መብራትና የማይቀር መምህር ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ አይተናል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ የሚያንቀላፋው ከስንፍና እንዳልሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ላትወዱት ትችላላችሁ። ከእናንተ ውስጥ ጥሩ ሥራ የሚይዙ አሉ። ትዳር ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል፤ ደመወዛችሁ ከፍ ሲል መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ልጃችሁን እናንተን ካወጣው ዓይነት ትምህርት ቤት ማራቅ ነው። አልፈርድባችሁም። በልጁ ዕድል የሚቆምር ወላጅ የለም። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚጎዳው ገንዘብ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ ደፍሮ የሚጠይቅ ወላጅም ስለራቀው ነው። ርእሰ መምህሩን «የሒሳብ አስተማሪ የጠፋው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ የሚይዝ፣ ወረዳ ሄዶ በሚገባቸው ቋንቋ የሚከራከር ሰው በሙሉ ልጁን ይዞ ወጥቷል። የቀሩት ወላጆች ጉሊት ጥለው ስብሰባ መግባት የማይችሉ፣ ቢገቡም ተናገሩ የማይባሉ ናቸው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጃችሁን የትም አስተምሩ፤ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ግን አትልቀቁት። ለዓመት በዓል አገር ቤት ስትገቡ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቁጭ በሉ። ዘንድሮ ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ጠይቁ። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ከእናቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ምላሹን ጽፋችሁ ያዙና በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ። ሰው ይሰለቻችኋል፤ ይሰልች።

ክቡር ፕሬዝዳንት፣ ከተሰጠኝ ደቂቃ አልፌያለሁ፤ የሚጠራውም ስም ብዙ ነው። ወላጆች፣ የልጃችሁ ስም ሲጠራ እልል ለማለት ፈቃድ አትጠብቁ።