ቤት የቀየረ ታካሚ ቀጠሮ ያስፈልገዋል



ጥቁር አንበሳ ዋርድ ውስጥ ኬዝ ሳቀርብ ሁሌ የምዘለው ነገር ነበር፦ የታካሚው መኖሪያ። አድራሻውን ለካርድ ክፍል ትቼ ወደ ልብና ወደ ሳንባ እሄዳለሁ። የዘለልኩትን የተማርኩት አሜሪካ፣ ባልቲሞር ስሠራ ነው።

እዚያ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የቤት ኪራይ ቫውቸር ይሰጣል። ቤተሰቡ ከገቢው 30 በመቶ ያህል ይከፍላል፤ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1994 እስከ 1998 ባልቲሞርን ጨምሮ በ5 ከተሞች፣ በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች ፈቅደው ዕጣ ውስጥ ገቡ። ለአንዳንዱ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር መሄጃ ቫውቸር ደረሰው፣ ለሌላው መደበኛው፣ ለቀሪው ምንም።

ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲለካ፣ የመጀመሪያው ቫውቸር የደረሳቸው ሴቶች ላይ የስኳር በሽታና ከባድ ውፍረት ቀንሶ ተገኘ። የወላጆቹ ገቢ ግን አላደገም። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆች አድገው የተሻለ ገቢ አገኙ፤ በዕድሜ ከፍ ብለው የሄዱት ላይ ይህ አልታየም።

ይህን አንብቤ ስለነበር፣ አንዲት የስኳር ታካሚዬ ቫውቸር ደርሷት ስታማክረኝ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አልኳት። ሄደች። 5 ወር ጠፋች። ስትመለስ ስኳሯ ከቁጥጥር ወጥቷል። ክሊኒኩ ሁለት አውቶቡስ ሆኖባታል፤ ልጇን የምትይዝላት ጎረቤቷ የለችም። «የልጄ አስም ቀሎለታል፣ አልቆጭም። ግን እንዴት ነሽ ብሎ የደወለልኝ የለም» አለችኝ።

መደወል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። መድኃኒት ስቀይር ቀጠሮ እሰጣለሁ፤ ቤት ስትቀይር ግን አልሰጠኋትም።

እዚህ አዲስ አበባም ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ዳር ከተማ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። የእነሱ በዕጣና በፈቃድ የሆነ አይደለምና የአሜሪካውን ውጤት እንዳለ እዚህ ልጫነው አልልም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ የግፊት መድኃኒቷን አሁን ከየት ትወስዳለች? ካርዷ ተከትሏታል? ሌሊት ብትታመም የማንን በር ታንኳኳለች?

መምህሮቻችን፣ ተማሪ ሂስትሪ ሲያቀርብ «በቅርቡ ቤት ቀይረዋል ወይ?» በሉልን። ያችን እናት ለአዲሱ ቤቷ ወደሚቀርብ ክሊኒክ አዛወርኳት። በዚህኛው ጊዜ ግን ራሴ ደውዬ ቀጠሮ አስያዝኩላት፤ በሳምንቱም መድረሷን ጠየቅሁ።