«የአሥራ ስድስት ወር» የነርስ ትምህርት ስንት ዓመት ይፈጃል?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ ከአንድ ነጋዴ አባል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ሙያ ቀይረው ነርስ ለመሆን ስለሚያመለክቱ ልጆቻችን ተናገርልን» ሲለኝ «የባለ ሱቅ ነገር አይደለም» ብዬ ልሸሽ ሞክሬ ነበር፤ አልለቀቁኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መምህርም አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ በ1984 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል የመጣሁ፣ ኸርሊንገም አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት የምሸጥ ሰው ነኝ። ነገር ግን የመጀመሪያ ልጄ እዚህ ናይሮቢ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሦስት ዓመት በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ከሠራች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከባሏ ጋር ወደ ሜሪላንድ ሄደች። እዚያም ይህንን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳበታለች። የወረቀቱ ግማሽ እዚሁ ናይሮቢ በእኔ እግር ነው የተሠራው። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ በርበሬ ሊገዙ መጥተው ስለ ትራንስክሪፕት ጠይቀውኝ የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ የተፋጠነ የነርስ ዲግሪ አለ። ሰዎቹ «አክሰለሬትድ» ይሉታል። እንደየትምህርት ቤቱ ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል። የጨረሰ ሰው አራት ዓመት በነርስነት ከተማረው ጋር አንድ ዓይነት ዲግሪ ይይዛል። ከዚያም ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ሲያልፍ ሙሉ ነርስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለእ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ባወጣው መሠረት የነርሶች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 93,600 ዶላር ነበር። ይህን ስንሰማ የሁላችንም ጆሮ ይቆማል።

ሆኖም 16 ወር የሚባለው በሩን ካለፉ በኋላ ያለው ነው። ልጄ የመጀመሪያዋን ኮርስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው። ፈቃዷን በእጇ የያዘችው በኅዳር 2024 ነው። ቁጠሩት፤ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እሷ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም፣ የወደቀችበትም ኮርስ የለም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህችን የአራት ዓመት ሂሳብ ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ የሚያቅደው በዚህች ሂሳብ መሆን አለበት።

ጊዜው የት ሄደ ብትሉ፣ ከማመልከት በፊት የሚወሰዱ የሳይንስ ኮርሶች አሉ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት ከነላቦራቶሪው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ በብዙ ቦታ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ስለ ሰው ዕድገት የሚያስተምር ሳይኮሎጂ፣ ሥነ ምግብ። የሂሳብ አያያዝ የተማረ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ምን አለው? ልጄ የነበራት ስታቲስቲክስ ብቻ ነበር። እሱንም አንዱ ትምህርት ቤት ተቀበለላት፣ ሌላው አልተቀበላትም። አንዳንዱ ትምህርት ቤት የሳይንስ ኮርስ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከሆነው አይቀበልም። እኛ ሱቅ ውስጥ እንዳለው የወተት ፓኬት ቀን ተጽፎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያመለክቱባቸውን ሦስት አራት ትምህርት ቤቶች ይምረጡ፣ የእያንዳንዱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገው ይዩ፣ ከዚያ ይመዝገቡ። ኮርሶቹን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ማታ እየሠሩ መውሰድ ይቻላል፤ ዋጋውም ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ያነሰ ነው። ልጄ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለየች ነው የወሰደችው።

በላዩ ላይ የመግቢያ ፈተና የሚጠይቁ አሉ። ቲስ የሚባል አለ፣ ሄሲ የሚባልም አለ። የትኛው እንደሚፈለግ ከትምህርት ቤቱ ነው የሚጠየቀው።

አሁን እኛን ወደሚመለከተው ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ ዲግሪ በግምገማ ድርጅት ታይቶ ወደ እነሱ መለኪያ መቀየር አለበት። ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሌሎችም አሉ። ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ግምገማው ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ ዲግሪ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከነውጤቱ ይዘረዝራል። ለነርስ ትምህርት በአብዛኛው የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ርካሹን ከፍሎ እንደገና ውዱን የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ትራንስክሪፕቱ ደግሞ በተማሪው እጅ አይሄድም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በታሸገ ፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ አለበት። እዚህ ላይ ነው የአባት እግር የሚያስፈልገው። ስሙን የማልጠራው የልጄ ዩኒቨርሲቲ ይህችን አንዲት ፖስታ ለመላክ አራት ወር ፈጅቶበታል። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ፊርማ የሚፈርመው ሰው ፈቃድ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍት ዕዳ አለባት ይሉኛል። ዕዳው 300 ሽልንግ ነበር፤ ከፈልኩ። አሜሪካ ያለው የማመልከቻ ቀን ግን ፈቃድ የሄደውን ፈራሚ አይጠብቅም። ኢትዮጵያ የተማሩትማ ከዚህ ሆነው ሲያስልኩ ችግሩ እጥፍ ነው፤ አዲስ አበባ ውክልና ያለው ዘመድ ያስፈልጋቸዋል።

የስም ነገር አለ። የእኛ ልጆች በዲግሪው ላይ አንድ አጻጻፍ፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ አጻጻፍ አላቸው። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ አንዱ ላይ የለም። እዚያ ሲደርስ ሁለት ሰው ይመስላል። ሳይሄዱ በፊት እዚሁ ሰነዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማስተያየት ያስፈልጋል።

ስለ ውጤትም ሳልናገር አላልፍም፤ ልጆቹ ያለ ምክንያት ተስፋ ሲቆርጡ ስላየሁ። በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አሰጣጥ 70 እና ከዚያ በላይ ኤ ነው፣ ከ60 እስከ 69 ቢ ነው። አሜሪካኖች ዘንድ ግን 65 ማለት ለመውደቅ የተቃረበ ነው። ልጁ የራሱን 65 አይቶ «እኔን ማን ይቀበለኛል» ይላል። የግምገማው ጥቅም አንዱ ይኸው ነው፤ የአገሩን አሰጣጥ አይቶ ይተረጉመዋል። ብዙዎቹ ከ4 ውስጥ 3 ነጥብ ይጠይቃሉ።

የክትባት ካርዳቸውንም አትጣሉ። ሆስፒታል ገብተው ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት የኩፍኝና የጉበት በሽታ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃሉ። ሦስት ጊዜ የሚሰጠው የጉበት ክትባት ብቻውን ስድስት ወር ይፈጃል። በሕፃንነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የወሰዱ ልጆቻችን ደግሞ በቆዳ ምርመራው ላይ በሽታው ያለባቸው ሊመስል ይችላል። በክትባቱ ምክንያት የማይሳሳት የደም ምርመራ ስላለ እሱን ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኞችን የማስፈር ፕሮግራሟን ስታግድ ጉዳያቸው የቆመባቸው ቤተሰቦች ከእኛ መካከል እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱ መፍትሔ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ወረቀት መሰብሰብ ቪዛ አይጠይቅም።

ስለ ማመልከቻው ድርሰት አንድ ነገር ልበል። «ሰው መርዳት ስለምወድ ነው» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ልጄ የጻፈችው ስለ እናቴ ስኳር በሽታ ነው። ሱቁ ውስጥ ባለው ፍሪጅ ኢንሱሊን ከለስላሳው ጎን አስቀምጠን፣ መጠኑን በዱቤ መዝገብ ጀርባ ላይ እየጻፈች የምትከታተል እሷ ነበረች። ከዚያ የሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ለመድኃኒት መጠን ምን እንደሚጠቅም አስረዳች። አሮጌ ሙያዋን አልደበቀችም። ቃለ መጠይቅ ላይም የጠየቋት ይህንኑ ነው። ከማመልከቷ በፊት ደግሞ ሲኤንኤ የሚባለውን የነርስ ረዳት ሥልጠና ወስዳ ቅዳሜና እሑድ የአረጋውያን ቤት ሠርታለች። የሥልጠናው ዝቅተኛው ሕጋዊ ሰዓት 75 ነው፤ ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ሥራውን እችለዋለሁ አልችለውም የሚለው እዚያ ይለያል፤ ብዙ ሺህ ዶላር ከከፈሉ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

አንድ ዘመዳችን ይህን ሲሰማ «አራት ዓመት ሂሳብ ተምራ የሰው ሽንት ልትጠርግ ነው?» አለኝ። ይህ ንግግር በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። እኔም «ጋሼ፣ ልዕልት ፀሐይ የንጉሥ ልጅ አልነበረችም?» አልኩት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት እንግሊዝ አገር ሳለች ለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆናለች። ዝም አለ። ደስ ብሎት ግን አይመስለኝም።

ገንዘቡ ከባድ ነው። በግል ዩኒቨርሲቲ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው። ፔል የሚባለው የመንግሥት እርዳታ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ ቢሆንም ያው ነው። «ዲግሪሽን ደብቂና እርዳታውን ውሰጂ» የሚል መካሪ አይጠፋም። የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ በእሳት መጫወት ነው። መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የመንግሥት ብድር መጠየቅ ይችላል። ሆኖም ራሱን ለቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የብድሩ አጠቃላይ ጣሪያ 57,500 ዶላር ስለሆነ ሁልጊዜ አይበቃም።

ልጆች ላሉት ሰው የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የሁለት ዓመት የነርስ ትምህርት ይሻላል ባይ ነኝ። ፈተናው ያው ኤንክሌክስ ነው፣ ፈቃዱም ያው ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። ባችለር የሚመርጡ ሆስፒታሎች ስላሉ በኋላ እየሠሩ ማሟላት ይቻላል። «አክሰለሬትድ» የሚለው ቃል ደምቆ ስለተጻፈ ብቻ ሁሉም እዚያ መሮጥ የለበትም።

አሁን ወላጆች የማትወዱትን ልናገር። በተፋጠነው ትምህርት ጊዜ መሥራት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው አትሥሩ ይላሉ። ሳምንቱን በሙሉ ክፍልና ሆስፒታል ነው፣ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስቶ መንዳት ነው። ታዲያ በዚያ 16 ወር ከዚህ «የወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያ»፣ «የአክስትሽ ተዝካር»፣ «የቤት ኪራይ ጨመረብን» የሚል ስልክ የሚደወል ከሆነ ልጅቷ ሌሊት ሥራ ትይዛለች። ሌሊት የሠራ ሰው ጠዋት የመድኃኒት ስሌት ይሳሳታል። ከልጄ ጋር ከጀመሩት መካከል ሁለት የእኛ ልጆች በመሀል አቋርጠዋል። ሁለቱም በትምህርት አልደከሙም፤ ወደ ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው የጣላቸው። ዕዳው ግን ቀረባቸው።

እኛ ቤት ተሰብስበን «እስክትጨርሺ አንድ ሽልንግ እንዳትልኪ» አልናት። የታናሽ ወንድሟን ክፍያ ከሱቁ ዕቃ ቀንሰን ሸፈንን። የዕቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ደግሞ ለሁለት ወር ኪራይ የሚሆናትን ላክሁላት። የሐዋላ ቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ ገንዘቡ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄደ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ዓመት ሱቄ ውስጥ ባዶ መደርደሪያ ነበር፤ ደንበኞቼ ታስታውሳላችሁ።

በአቋራጭ ስለሚገኝ ዲፕሎማ አጭር ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በፍሎሪዳ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ ተሸጧል ብሎ 25 ሰዎችን ከሷል።  ትምህርት ቤቱ በግዛቱ የነርሶች ቦርድ የተፈቀደ መሆኑን ቦርዱን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። «ሳትማሩ እንጨርስላችኋለን» የሚላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።

ትራንስክሪፕት ለማስላክ ወይም ሰነድ ለማስተያየት የምትፈልጉ፣ ከምሳ በኋላ በወጣቶች ክፍል በኩል ባለው ጠረጴዛ እገኛለሁ። ዲግሪውን፣ ፓስፖርቱንና የክትባት ካርዱን አንድ ላይ ይዛችሁ ኑ። ልጄም ዛሬ ከሥራ ስትወጣ በስልክ እንደምትገኝ ነግራኛለች፤ የሌሊት ተራ ላይ ስለሆነች ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው የምናገኛት።