ድምፅ አርሶ የሚያድር ሰው



ባለፈው ትምህርት ማብቂያ ላይ አንድ አባት «እነዚህ በሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ የሚያወሩ ሰዎች እንጀራቸውን ከየት ያገኙታል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ጥሩ ነውና የዛሬው ንግግራችን በእርሱ ላይ ይሁን ብለናል።

ቀድሞ ሥራው የመንግሥት ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አገራችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዚያን ቀን ስታዲየም ላልገባ ሰው ዓይኑ ሬዲዮ ነበር። ሰለሞን ተሰማ ከቀደምቶቹ የስፖርት ጋዜጠኞች አንዱ ነው። ከእርሱ በኋላ ደምሴ ዳምጤ መጣ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አገራችን ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የደምሴ ድምፅ በሰሚው ልብ ውስጥ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ግን የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ።

ኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጋዜጣም የግል ሆነ። ገነነ መኩሪያ «ሊብሮ» የሚባል የስፖርት ጋዜጣ አቋቁሞ፣ ሰው በጋዜጣው ስም እስኪጠራው ድረስ ታወቀ። በ2000 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የግል የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ተከፈቱ።

ታዲያ ጣቢያ የሌለው ጋዜጠኛ ምን ያደርጋል? ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። መሬት የሌለው ገበሬ የሰው መሬት ተከራይቶ ያርስ የለም? እርሱም እንደዚያው ነው። ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል። በሰዓቱ የኳስ ወሬ ይዘራል። አጨዳው ማስታወቂያ ነው። ዝናብ ጠፋ ተብሎ የመሬት ኪራይ እንደማይቀር ሁሉ፣ ማስታወቂያ ቢጠፋም የሰዓቱ ዋጋ አይቀርም።

ይህም ደርሶባቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከለከለ። ቢራ ጠማቂዎች ትልቅ ከፋይ ስለነበሩ የብዙ ዝግጅት ገቢ ተነካ። ለልጆቻችን ግን ሕጉ መልካም ነበር። የአንዱ ጉዳት ለሌላው ጥቅም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር እንንገራችሁ። እኛ ለሬዲዮው ገንዘብ አንከፍልም፤ አይደለም እንዴ? ነገር ግን ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚገዛው የእኛን ጆሮ ነው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ ሆኖ ሲሰማ፣ ባለቤቲቱ ቡና ስትቆላ ስትሰማ፣ ጆሯቸው ገበያ ላይ ነው።

ስለዚህ ወሬውንና ማስታወቂያውን እንለይ። «ተወራረድ፣ ታተርፋለህ» የሚል ድምፅ ስንሰማ እርሳስ አንሥተን እናስላ። በየሳምንቱ 50 ብር እያስያዘ የሚበላ ልጅ በ52 ሳምንት 2,600 ብር ይከስራል። ትናንት ይህን ሒሳብ የሚሠራልን ሰው እንፈልግ ነበር። ዛሬ ራሳችን እንሠራዋለን።

ኳሱን ግን እንስማ! ደስታው የእኛ ነው።

ለመወያያ፦
1. የአየር ሰዓት የገዛ ሰው በምን ይከስራል?
2. በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን አንድ ማስታወቂያ ጻፉ። ከፋዩ ማን ነው?