የብሉሬይ ዲስክና የዲጂታል ምስል ገመዶች ተጣጣሚነት (በኮምቦልቻ ከቀረበ ገለጻ)



ከዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ ዲቪአይ መሰኪያ ብቻ ያለው ፕሮጀክተር ነበረን። ብሉሬይ ከሚያነብ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ራሳችን የቀረጽነውን መንዙማ ስንከፍት ጥርት ብሎ ታየ፤ የተገዛ ፊልም ስናስገባ ግን አልታይ አለ። ፕሮጀክተሩም «ተበላሽቷል» ተብሎ መጋዘን ገባ። አልተበላሸም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዲቪአይና በ2002 መጨረሻ የተከተለው ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ምስልን የሚያስተላልፉበት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ተራ አስማሚ ያገናኛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ድምፁ ነው። ችግሩ ያለው ኢንቴል ባዘጋጀው ኤችዲሲፒ በተሰኘው መቆለፊያ ላይ ነው። ላኪው መሣሪያ ምስሉን ከመልቀቁ በፊት ተቀባዩን ቁልፍ ይጠይቀዋል፤ ተገቢውን ምላሽ ካላገኘ ጥበቃ ያለበትን ፊልም አያሳይም። እኛ የቀረጽነው ዲስክ ይህ ጥበቃ የለበትም። (የራሳችሁንም ቀረጻ ሳይቀር የሚቆልፉ ማጫወቻዎች እንዳሉ ልብ በሉ።) በ2008 ከገበያ የወጣው ኤችዲ ዲቪዲም ከዚህ መቆለፊያ ነጻ አልነበረም።

በ2016 የመጣው አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ደግሞ ኤችዲሲፒ 2.2ን ይሻል፤ የቀድሞውን እትም ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ገመዱ ቢገጥምለትም ሙሉውን የምስል ጥራት አያገኝም። ስለሆነም በግዢ ዝርዝራችን ላይ ከመሰኪያው ቅርጽና ከፒክስሉ ብዛት ጎን የኤችዲሲፒ እትም ይጻፍልን።

ያንን ፕሮጀክተር ከመጋዘን አውጥተነዋል። ተማሪዎቻችን ከአዛውንቶች የቀረጹትን ቃል የምናሳየው በእርሱ ነው።