«ካለባችሁ ላይ ቀንሻለሁ» ሲሉን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ዕዳን በዕዳ ስለ ማቻቻል ነው። ስሙ የፍርድ ቤት ይመስላል፤ ነገሩ ግን የየቀን ሥራችን ነው። ሽሮና በርበሬ ለሱቆችና ለሆቴሎች በዱቤ እናስረክባለን፤ ዛላ በርበሬ፣ አተርና ማሸጊያ ደግሞ በዱቤ እንወስዳለን። አንዳንዴ የምንሸጥለትም የምንገዛውም ከአንድ ነጋዴ ነው። የክፍያው ቀን ሲደርስ «ካለባችሁ ላይ ቀንሻለሁ» እንባላለን። ያን ጊዜ ዝም ብሎ መቀበልም መጣላትም አያስፈልግም፤ መጠየቅ ይበቃል።

ማቻቻል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አንድ ነጋዴ የ20,000 ብር ሽሮ ወስዶ፣ እኛም የ12,000 ብር በርበሬ ዕዳ ቢኖርብን፣ 8,000 ብር ሲሰጠን ሒሳቡ ይዘጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1831 ይህን ይፈቅዳል። አንቀጽ 1832 ደግሞ ገደብ ያበጅለታል፦ ሁለቱም ዕዳዎች የገንዘብ፣ ወይም ዓይነታቸው አንድ ሆኖ እርስ በርስ የሚተካኩ ነገሮች መሆን አለባቸው፤ ልካቸው የታወቀ፣ የመክፈያ ጊዜያቸውም የደረሰ መሆን አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጊዜው ደርሷል ወይ?» ነው። በሰኔ መጨረሻ ልንከፍል የተዋዋልነው በግንቦት ሒሳባችን ላይ አይቀነስም። ሁለተኛው «ልኩ ታውቋል ወይ?» ነው። «ሽሯችሁ ደንበኛ አሳጣኝ» የሚል ገዢ ቅሬታውን ማቅረብና መከራከር ይችላል፤ ጉዳቱን ግን ራሱ ገምቶ፣ ራሱ ፈርዶ ከደረሰኙ ላይ ሊቆርጥ አይገባም።

ሦስተኛው «ዕዳው የማን ነው?» ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ ከማኅበሩ ክፍያ ላይ፣ አንዲት አባላችን ለቤቷ በዱቤ የወሰደችውን ዘይትና ስኳር ቀንሶ ላከልን። የተቀነሰው ገንዘብ በዚያ ወር በርበሬ ሲቀነጥሱና ሲደልዙ የሰነበቱ ሴቶች ድርሻ ነበር። ማኅበራችን ተመዝግቦ የራሱን የሕግ ሰውነት ያገኘ ነው፤ የአባል ዕዳ የማኅበሩ ዕዳ አይደለም። ይህንኑ በደብዳቤ ገልጸን ገንዘቡ ተመለሰ። እኅታችንም ዕዳዋን በራሷ ጊዜ ከፈለች። ሰው ፊት ልትሸማቀቅ የሚገባት ምንም ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ በውል መጻፍ ነው። «ገዢው ያለ ሻጭ የጽሑፍ ስምምነት ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ምንም አይቀንስም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ክርክር ታስቀራለች። ለመቻቻል ስንስማማም ሁለቱ ዕዳዎች፣ የተቀነሰው ልክና ቀሪው በወረቀት ሰፍረው ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ።

ሚዛኑ ለእኛም እኩል ይሁን። ለወፍጮ ቤት ሠራተኞቻችን ደመወዝ የምንከፍለው እኛ ነን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ቢቆረጥም ከወሩ ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። ከማኅበሩ ብድር የወሰደች አባል ስትወጣም ቀሪው ብድር ከቁጠባዋ የሚቀነስ ከሆነ፣ ብድሩን በወሰደችበት ቀን አንብባ ወይም ተነቦላት የፈረመችበት መሆን አለበት።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከመፈረማችን በፊት ውሎቻችንን የሚያነብልን የሕግ ባለሙያ አገናኙን። አባሎቻችን ደግሞ በእጃችሁ ያሉትን የዱቤ ወረቀቶች ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።