ርቀት የማያላላው መተማመን

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ ጊትላብ ዋና መሥሪያ ቤት የሌለው የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ሠራተኞቹ በየአገሩ ሆነው ከቤታቸው ይሠራሉ። ሳይተያዩ እንዴት ይተማመናሉ?

አቅራቢ 2፦ አንድ ምሳሌ እነሆ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 አንድ ባለሙያ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሰረዘው፤ የ6 ሰዓት ያህል መረጃም ጠፋ። ኩባንያው አልሸሸገም፤ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ከመለጠፍ ይልቅም የመጠባበቂያ ቅጂ አሠራሩን ክፍተት መርምሮ ይፋ አደረገ።

አቅራቢ 1፦ ሲሳሳት እንደማይዋረድ ያወቀ ሰው ችግር አይደብቅም።

አቅራቢ 2፦ ቁም ነገሩ እሱ ነው! ደግሞም ሠራተኞቹ ስለ ኑሮ ብቻ የሚጨዋወቱበት የቪዲዮ የቡና ሰዓት አላቸው። የቢሮ ጨዋታ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ከሩቅ ግን ቀጠሮ ይፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ እንግዲህ አለቆች፣ ሠራተኛችሁ ኮምፒውተር ፊት መቀመጡን ከመጠበቅ ደኅንነቱን ጠይቁ፤ በሥራው መዝኑት።